በራሴ በር ላይ ተለጥፌ

ፕሎቭዲቭ፣ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023

ለምወድሽ፣ ለምታኮርፊኝ እህቴ ለኔቬና፣

ከሰላምታው በፊት ይህን ልበል፦ አልሞትኩም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ውሃም ጠጪበት።

ይህ የዶሮ ጭረት የማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤት ሳለን መምህሯ «ዝድራቭካ፣ በእግርሽ ነው የምትጽፊው?» ያለችኝ ያው ጽሕፈት ነው፤ እስከ ዛሬ አልተሻሻለም። ጎረቤቴ ስቴፍካ ትናንት ጠዋት ደውላ «ተሳስተን ነው፣ በሕይወት አለች» ስትልሽ፣ «በሙት አይቀለድም!» ብለሽ ጆሮዋ ላይ እንደዘጋሽባትና ስልክሽን እንዳጠፋሽ ነገረችኝ። አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን ስቴፍካን አላምንም። የእኔን ቁጥር ደግሞ ከዘጋሽው ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ነገ ወደ አንቺ፣ ወደ ስፔን የሚነሳው አውቶቡስ ሾፌር ይዞልሽ ይመጣል፤ አብሮ አንድ ጠርሙስ የተጠበሰ ቃሪያ አለ። ሙት ቃሪያ አይጠብስም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮው ጉድ እኔው ራሴ ሆኜ አረፍኩት።

ሳምንቱን ሒሳርያ ፍል ውሃ ነበርኩ፣ ለኩላሊቴ። ስለ ኩላሊቱ በኋላ እነግርሻለሁ። የስልኬን ቻርጀር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ስለሄድኩ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አላገኘኝም። ዓርብ ከሰዓት ተመልሼ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወረድኩ። የሞት ወረቀት የሚለጠፍባትን የሊንደን ዛፍ ታስታውሻታለሽ፤ አሁንም አለች። እንደ ልማዴ ማን ተሰናበተ ብዬ ጠጋ አልኩ። ፎቶ በጥቁር ክፈፍ፣ ከላይ ቅጠል፣ ከታች ስምና ዓመት። መጀመሪያ የመጣልኝ ምን መሰለሽ? «ውይ፣ ገና ልጅ!» ነው ያልኩት። ነፍስ ይማር ብዬ አማተብኩም። ከዚያ ስሙን አነበብኩ።

«ዝድራቭካ ፓላዞቫ፣ 1949 – 2023። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በግቢው እንሰበሰባለን።»

ኔቬና፣ ክው አልኩ። የአርባ ዓመት ሴት ሳለሁ የተነሳሁት ፎቶ ነው፤ ያ የአንገት ልብሱን ከአንቺ የተዋስኩት። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ለራሴ ነበር ያማተብኩት! ተነስቼ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ደግሞ መግቢያው በር ላይ አለሁ። ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ አለሁ። የመብራቱ ምሰሶ ላይ አለሁ። ሰፈሩን ሁሉ ሞልቼዋለሁ።

«ማነው የገደለኝ?» ብዬ ደረጃው ሥር ጮህኩ።

ከላይ ዮሪስ ብስክሌቱን ተሸክሞ ወረደ። አንቺ አታውቂውም፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ሆላንዳዊ ነው፣ ረጅም፣ ቁመቱ ለብቻው ኪራይ ሊከፍል የሚገባው። ሚስቱ ራሊትሳ የአገራችን ልጅ ናት፤ ሳምንቱን ግን ለሥራ ሶፍያ ሄዳ ነበር። እሷ ብትኖር ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

«እትዬ ዝድራቭካ! እንኳን ደህና መጡ!» አለ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። «ወረቀቱን አዩት? አማረ?»

«አማረ? አንተ ልጅ፣ በቁሜ ቀበርከኝ እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ይኸው ዮሪስ መጥቶ፣ «አዲስ የገባነው ሰዎች የምንኖርበትን አናውቅም፤ የሰፈሩን ታሪክ ይንገሩን» ብሎ ለመነኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ። ቤታችን ፈርሶ ግንበኛው በቦታው ባቆመው ሕንፃ ውስጥ ሰዎቹ መጥተው ይተኛሉ እንጂ ምን ላይ እንደተኙ አያውቁም። ቃሪያ ስንጠብስ ጭሱ ሸተተን ይላሉ። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮማ በሩ ላይ የነበሩትን የሞት ወረቀቶች ግድግዳ ያበላሻሉ ብላ በቢላ ፍቃ ጥላቸዋለች። እሺ አልኩት፣ ፎቶም ሰጠሁት። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?» አለኝ። «ከተወለድኩ፣ ከ1949 እስከ ዛሬ» አልኩት። ለጌጥ ምን ልሣልበት ሲለኝ ደግሞ አባባ ቆዳ የሚያለፋበትን ቅጠል አሳየሁት፤ እሱኑ ሣለ። ማተሚያው ጥቁር ቀለም ብቻ ነበረው። በእሱ አገር ሰው ሲሞት ዛፍ ላይ አይለጠፍም፤ ፊደላችንን ደግሞ ገና እየቆጠረ ነው።

«እዚህ ሁሉም ማስታወቂያ እንዲህ ነው» አለኝ ፊቱ እንደ አይብ ነጥቶ። «ፎቶ፣ ስም፣ ዓመት፣ ቅጠል፣ የስብሰባው ሰዓት። የሰፈራችሁን ወግ አክብሬ ልሥራ ብዬ ነው። አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ ስብሰባ የሚጠሩ ነበር የሚመስለኝ።»

ዳቦ ቤት ያለችው ዶንካ ዓይኗን እያሻሸች «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃው ነበር አሉ። እሱ ሆዬ «እውነት ነው! በጣም ደስ ብሎናል! ሁሉም ይምጣ!» ብሏታል። ምስኪኗ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች።

ከዚያ ስቴፍካ ጋ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር። ስታየኝ ትሪውን ለቀቀችው፤ ቃሪያው ሁሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

«በስመ አብ! ከየት መጣሽ?»

«ከሒሳርያ።»

«ሒሳርያ አይደል እንዴ የሞትሽው?»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ! ገንዳ ውስጥ፣ ልብሽ ቀጥ ብሎ…»

«የትኛው ሰው?»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ነኝ መሰለኝ» አለች።

ሳቄ ሊመጣ ሲል አፏን በመዳፏ ያዘች። «ዝድራቭካ፣ ኔቬና ጋ ደውያለሁ» አለችኝ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። የራሴን ሞት ሳነብ ያልደነገጥኩትን ያህል ደነገጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ድምፅሽን አልሰማሁም። በመጨረሻ የሰማሁት የቤታችን በር የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመሽ «ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሞተሻል» ስትዪኝ ነው። እንግዲህ ስሞት ምን ትል ይሆን? «ምን አለች?» አልኳት።

«የቱን ቀሚስ አለበሷት? አለችኝ።»

«ምን?»

«ቡናማውን እንዳታለብሷት፣ ያሳክካታል አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ዘጋሁት።»

የስቴፍካ ደረጃ ላይ፣ ቃሪያው መሐል ተቀመጥኩና አነባሁ። አላፍርም። ያ ቀሚስ እንደሚያሳክከኝ በዚህ ዓለም ላይ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዮሪስ ወረቀቶቹን ዞሮ ሊቀዳድድ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። «ተወው» አልኩት። «ሰፈሩ የሚያምነው የተለጠፈውን ነው። ነገ ሁሉም መምጣቱ አይቀርም፤ እኔም እመጣለሁ፤ ታሪክ ተባለ አይደል፣ እነግራቸዋለሁ።» እውነቱን ልንገርሽ፣ ምን እንደሚሉኝም መስማት ፈልጌ ነበር። ከሞቱ አሟሟቱ ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶዬን አየሁት።

ቅዳሜ ሰዓቱ ሲደርስ የደረጃው መስኮት ጀርባ ቆምኩ። ነባሮቹ ጥቁር ለብሰው፣ የስንዴ ንፍሮ በስኳር ይዘው፣ አበባቸውን ለሙት እንደሚደረገው ሙሉ ቁጥር አድርገው መጡ፤ አራትም ስድስትም። አዲሶቹ ታጣፊ ወንበራቸውን፣ ወይናቸውንና አይባቸውን ይዘው ወረዱ። አንዱ ወገን ሌላውን ያያል። «ቀብር ላይ ወይን?» ይላሉ እነዚያ፤ «ለታሪክ ንግግር ጥቁር ልብስ?» ይላሉ እነዚህ። ያቺ የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮ አንድ ኩባያ ንፍሮ ተሰጣት፤ ቀምሳ «እንዴት ይጣፍጣል! ለምንድን ነው የሚዘጋጀው?» አለች። «ለነፍሷ» አሏት። «ለማን ነፍስ?» አለች።

ስለ እኔ ያልተባለ የለም። ስቴፍካ፣ ያቺ ዓርብ ዕለት በዓይኗ ያየችኝ ስቴፍካ፣ በሕይወት መኖሬን እየነገረቻቸው ነው ስል፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ባለፈው ሳምንት ደከመኝ ስቴፍካ ብላኝ ነበር» እያለች አፍንጫዋን ትናፈጣለች! ለቅሶው ስለጣፈጣት መሞቴን ልታስቀርባቸው አልፈለገችም። ልወጣና ጆሮዋን ልይዛት ስል ጋሼ ማኖል መጡ።

ጋሼ ማኖልን መቼም አትረሺያቸውም፤ የአባባ የሥራ ባልንጀራ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በቆዳ መልፊያ ቡናማ የሆነው። ዘጠና አልፏቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመንገድ ስንተላለፍ አንገታቸውን ከመነቅነቅ በቀር አነጋግረውኝ አያውቁም፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ እኔም ኮርቼ አልጠየቅኩም። ትናንት ጋሪ እያስገፉ ገቡ። ጋሪው ላይ አንድ ሰፊ ሳንቃ ተጭኗል። አውርደው ከዮሪስ ብስክሌት ጎን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከኪሳቸው የእኔን ወረቀት አወጡና ሳንቃው ላይ ለጠፉት።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ምላሷ መላጫ ነበር» አሉ ለሁሉም። «ግን የጌንቾ ልጅ ናት። ከእናትና ከአባቷ ጎን ትለጠፍ።»

ያኔ አየሁት፣ ኔቬና። በራችን ነው።

አረንጓዴው ቀለሙ ተልጦ አልቋል፤ ግን በራችን ነው። የእማማ ወረቀት አለ፤ የአርባው፣ የሙት ዓመቱ፣ የአሥረኛ ዓመቱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ዝናብ ቢያደበዝዘውም ዓይኗ ይታያል። የአባባም አለ። ከታች በኩል አንቺ ልጅ ሆነሽ በሚስማር የጫርሽው ድመትም አለ፤ ጅራቱ ከራሱ የሚበልጠው። በዚያ ሁሉ መሐል፣ ከእማማ አጠገብ፣ እኔ አለሁ። መጮኼን ሰዎች ነገሩኝ፤ እኔ አላስታውስም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩትም አላስታውስም።

ስወጣ ዶንካ አማተበች። አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ጋሼ ማኖል ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ታዲያ ይህን ሁሉ ንፍሮ ማን ሊበላው ነው?» አሉ።

«ጋሼ ማኖል፣ ይህን በር ከየት አመጡት?»

«ከጣላችሁበት ነዋ! የቆሻሻ ክምር ላይ ነው ያገኘሁት። ዘጠኝ ዓመት የዶሮ ቤቴ በር ነው። ደህና ሳንቃ ነው፤ የእናትሽን ፊት ግን ወደ ውስጥ አዙሬ ነው የገጠምኩት፣ ዝናብ እንዳይመታት። ቤት ይሸጣል፤ የእናት ፊት ይጣላል እንዴ?»

«እኛ አልጣልነውም! ያ ግንበኛ ነው የጣለው! እኔ ለፊርማ ውል አዋዋይ ጋ ሄጄ ነው፤ ስመለስ መቆፈሪያ መኪናው ጠርጎታል። ኔቬና ለማገዶ የሸጥኩት መስሏት ይኸው ዘጠኝ ዓመት አኮረፈችኝ!»

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ግንባራቸውን መቱ።

«እኔም ለዚሁ ነው ያኮረፍኩሽ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ሦስት ሰዎች ለአንድ በር ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈን፣ በሩ ሁለት መንገድ አልፎ ዶሮ ይጠብቅ ነበር። እየጮህኩ ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሁለቱም መጣ። ጋሼ ማኖል በዚያ ቡናማ እጃቸው ጀርባዬን እየመቱ «በቃ፣ በቃ፣ ሞተሽ አልነበር፣ ምን ያስለቅስሻል?» ይሉኛል።

ከዚያ በኋላ ዮሪስ በቀጭን ድምፅ «እትዬ ዝድራቭካ፣ ታሪኩን…?» አለ። ከራሴ ፎቶ አጠገብ ቆሜ ነገርኳቸው። መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ የአባባ ጉድጓዶች የነበሩበት መሆኑን፣ ቆዳው እንዲለሰልስ የውሻ ዓይነ ምድር እንነክርበት እንደነበረ ስነግራቸው አንዱ ጫማውን አንስቶ አየ። ትምህርት ቤት ሽታችሁ አስቸገረን ተብለን አንቺና እኔ መስኮት ዳር እንቀመጥ እንደነበር፣ ከሌላ ሰፈር የሚያገባን ስላልነበረ እርስ በርስ ተጋብተን ሁላችን ዘመዳሞች መሆናችንን፣ ማሪትሳ ወንዝ ሞልቶ ቆዳውን ሁሉ የወሰደው ጊዜ ሰዉ በጀልባ እንደለቀመው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ወደ በሩ ዞርኩ። «ይህ ቆሻሻ አይደለም» አልኳቸው። «በየትኛው በር ማን ይኖር እንደነበር የምናውቀው በዚህ ነው። ሰው ከሞተም በኋላ ጥቂት ዓመት ከደጁ አይጠፋም።»

የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮ ቀልታ ቀልታ እጇን አነሳች። «እኔ የፋቅኳቸው እነማን ነበሩ?» አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ግን ስማቸውን ከንፈሯ ላይ ስትደግም አየኋት።

አበባው ቀረ። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ይዞ ተፋጧል፤ ለሕያው ሰው ጎደሎ እንጂ እንዲህ አይሰጥም፣ መልሶ ወደ ቤት መውሰድም ነውር ነው። መጀመሪያ ስቴፍካ ናት፤ ከስድስቱ አንዱን መዘዘችና አምስቱን ሰጠችኝ። ሌላውም እንደዚያው አደረገ፤ ከአራቱ ሦስቱን፣ ከስምንቱ ሰባቱን። የተመዘዙትን በሩ ሥር ለእማማና ለአባባ አኖርናቸው። እነዚያ ሙሉ ይሁኑ ጎደሎ የቆጠረ የለም።

ሰዉ ሊበተን ሲል የአበባ ሱቁ መኪና መጣ። አሥራ ሁለት ነጭ ካርኔሽን፣ በጥቁር ሪባን። ሪባኑ ላይ «ለእታለም። ኔቬና» ይላል። እታለም! ትምህርት ቤት ከጨረስሽ ወዲህ እንዲህ ብለሽ ጠርተሽኝ አታውቂም። ዶንካ አንዱን ልትመዝዝልኝ እጇን ስትሰድ «እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩባት። ሁለተኛ ጊዜ አስለቀስኳት፣ ምስኪን።

የአንቺን አበባ አንቺ ቤት ነው ያስቀመጥኩት። አዎ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ያንቺ ነው፤ ውሉ ላይ የደረሰሽ ድርሻ ነው፤ ረግጠሽው አታውቂም እንጂ። እሑድ እሑድ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ አልጋው ተነጥፏል። በሩም ኮሪደርሽ ላይ ቆሟል። ዮሪስ ግቢው መግቢያ ላይ ልትከለው ይላል፣ ጋሼ ማኖል ዶሮዎቼ በብርድ ሊያልቁ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የት እንደሚቆም ኔቬና ትወስናለች ብያለሁ።

ስለ ኩላሊቱ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ያን ያህልም አይደለም። የሒሳርያው ሐኪም ራጁን አይቶ ብዙ አላወራም፤ የከተማው ሐኪም ደግሞ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ከፍተን እንየው ይላል። ሐኪም መክፈት ይወዳል። አታስቢ።

ካርኔሽን ውሃው ከተለወጠለት ሁለት ሳምንት ይቆያል። የስፔኑ አውቶቡስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ፣ ሲመለስ ቦታ አለው። አሥራ ሁለቱም እንደላክሻቸው ናቸው፤ አልነካኋቸውም። አንዷን መጥተሽ አንቺው ምዘዢያት።

እዚያ ስፔን እያጠብሽ የምትጦሪያቸው አሮጊቶች ቀና ይሁኑልሽ፣ ወገብሽ አይሸነፍ፣ የእማማ ዓይን ከበሩ ላይ ይከተልሽ። ዘጠኝ ዓመት የመረቅኩሽን ሁሉ አንድ ላይ ቁጠሪው፤ በየእሑዱ መስኮትሽን ስከፍት መርቄሻለሁ።

እህትሽ፣
ዝድራቭካ

ስለ ቀሚሱ፦ ቡናማውን ዛሬ ጠዋት ለስቴፍካ ሰጠኋት፤ እሷን ያሳክካት። ሰማያዊው ቁም ሣጥኑ ውስጥ በግራ በኩል ነው፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ስለጠየቅሽ ነው።